ሰርክ፣ ታማኟ ደንበኛ

ሰርክ ሌባ የሆነችው ማክሰኞ ነው። የሰማችው ግን ሐሙስ ጠዋት፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዴና ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ካልሲ ስታጠልቅ ነው።

የደወለው ታላቅ ወንድሟ መኩሪያ ነበር፤ ከደሴ። መኩሪያ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ የሰፈሩ እድር ዳኛም ነው። በሥራ ሰዓቷ ደውሎላት አያውቅም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ የሽማግሌውን ሁለተኛ እግር አነሳች።

«ሰርኬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ወንድም ጋሼ። ምን ሆንክ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ያ የላክሽልኝ ስልክ... ከማን ነው የገዛሽው?»

«ከማን ማለት?»

«ከሱቅ ነው? ወይስ መንገድ ላይ ከሰው?»

ሰርክ ካልሲውን ተወችው።

መኩሪያ ነገሩን እንደ እድር ጉዳይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከ። ስልኩ የአገር ቤቱን ሲም አልቀበልም አለ። ሎክ ነው አሉት። ሞባይል ጥገና ቤት ወሰደው። ሠራተኛው የስልኩን መለያ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አስገባና የወጣውን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ይህ ስልክ አሜሪካ ውስጥ ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ ተመዝግቧል። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ከነሱም ሁለቱ የእድሩ አባላት ናቸው።

«በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ» አለ መኩሪያ። «እንደ ሞተ አይጥ።»

«አንተ ምን አልክ?»

«እህቴ ናት የላከችልኝ አልኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። ዝም ማለት ነበረብኝ።»

ሰርክ አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ሐበሻ በሚበዛበት በሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን አጠበች። ከዚያ መሃል ከተማ የፓርኪንግ ሒሳብ ተቀባይ ሆነች። ከዚያ አረጋውያንን መንከባከብ ጀመረች፤ እስካሁንም እሱን ነው የምትሠራው። ዌስት አዳምስ ከሚገኘው አንድ ክፍል ቤቷ ፓሳዴና ድረስ በየቀኑ ትነዳለች። በቁልፍ መያዣዋ ላይ ከራሷ ቤት ቁልፍ ሌላ የሦስት ሰዎች ቤት ቁልፍ አለ። ከሦስቱ አንዷ ሴትዮ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቿ ቤቱን እስኪሸጡት ቁልፉ ሰርክ ዘንድ ይቀመጥ አሉ። ሙያዋ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው ገላ አጥቦ፣ የሰው መሳቢያ ከፍቶ ዘግቶ፣ ምንም ሳይነኩ መውጣት። በዚህ ሙያ ሌባ የሚል ቃል አንዴ ከተለጠፈ የሚነቀል አይደለም።

ስልክ ያወጣችው በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የስልክ ድርጅቷን አልቀየረችም። ጓደኞቿ ቅናሽ በወጣ ቁጥር ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘሉ እሷ አልዘለለችም። ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም የምትሸጠው ወዳጇ ዙሌይካ በዚህ ሁልጊዜ ትቀልድባታለች።

«ከባልሽ ጋር ስምንት ዓመት፣ ከስልክ ድርጅቱ ጋር ሃያ። ለሱ ያልሆንሽውን ለነሱ ሆንሽ።»

«እነሱ አይሰክሩም» ትላለች ሰርክ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን የስልክ ፕላን የሸጠላት ካሌብ ነው። የድርጅቱ ሱቅ ያለው እዚያው ፌርፋክስ ላይ፣ ከዙሌይካ ሱቅ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ነው። ካሌብ እዚሁ ያደገ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ጥርሱ የሚያምር ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ፋና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሰርክ ጎን ነው የምትቆመው። ሰርክ ያን ቀን የገባችው የተሰነጠቀ የስልክ ሽፋን ልትቀይር ነበር።

«እትዬ ሰርክ፣ እርስዎ እኮ ሎያል ከስተመር ኖት፣ ታማኝ ደንበኛ» አላት። «ለእናንተ ብቻ የወጣ ፕላን አለ። በየወሩ ትንሽ ይከፍላሉ፤ በየዓመቱ አፕግሬድ ያደርጋሉ። አዲስ ስልክ፣ ኤቭሪ ይር።»

«አሮጌውስ?»

«አሮጌው አያሳስቦት። ሳጥን እንልክሎታለን።»

ያላት ይህን ብቻ ነው። ቀሪውን ስክሪን ላይ በጣቷ ፈርማ ጨረሰች።

ዓመቱ ሞላ። አዲሱን ስልክ ወሰደች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳጥኑ በፖስታ መጣ፤ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ውስጡ በስፖንጅ የተሞላ፣ ልክ በስልክ ቅርጽ የተቦረቦረ። ላዩ ላይ ተለጣፊ ነበረው። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ደቃቅ ጽሕፈት ደጋግማ የምታነብ ሴት፣ ተለጣፊውን አላነበበችውም። የሚነበብ ነገር ያለው አልመሰላትም።

ፌርፋክስ ላይ አሮጌ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ስልኩ ገና አዲስ ሳለ ወራሹ ይታወቃል። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ቢፈተሽ ካልሲ ውስጥ ስልክ፣ ጫማ ውስጥ ስልክ፣ የሕፃን ልብስ ውስጥ ስልክ አይጠፋም። የከፈሉበትን ስልክ ለሻጩ የሚመልስ ሰው ሰርክ አይታ አታውቅም፤ የምታውቀው ሰው ሁሉ አላየም። ስለዚህ ሳጥኑን ስታይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበችው፦ በመጨረሻ ደንበኞቹን ያወቀ ድርጅት ተገኘ። ተለጣፊውን ላጠችው። በእስክሪብቶ «ለመኩሪያ፣ ደሴ» ብላ ጻፈችበት። በማግሥቱ እሑድ፣ ለእህቱ ሠርግ አገር ቤት ለሚሄደው ለተክለብርሃን ቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ሰጠችው። ካሌብ እናቱን ሊወስድ መጥቶ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ወንድሞት ደስ ይለዋል» አላት። ሳቀም።

ይህ ከሆነ ሳምንታት አልፈው፣ መኩሪያ በደወለበት ሐሙስ ከሰዓት ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳች። መስኮቱ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ለአዲስ ደንበኛ ስልክ በነጻ። ቆማ አነበበችው። ከዚያ ገባች።

«ካሌብ፣ ስልኬ ተሰርቋል ያለው ማነው?»

ካሌብ ኮምፒውተሩን ነካካ። «ሲስተሙ ነው እትዬ። ዲቫይሱ ሪተርን ካልተደረገ አውቶማቲክ እንዲህ ይላል።»

«ምን ብዬ ነው የምመልሰው? የከፈልኩበትን?»

«ሙሉውን አልከፈሉም እኮ። ግማሹ ሲያልቅ ያንን መልሰው አዲስ ይወስዳሉ፤ ፕላኑ እሱ ነው። ሶ... ወይ ስልኩን ከኢትዮጵያ ያስመጡ፣ ወይ የቀረውን ይክፈሉ።»

«ለታላቅ ወንድሜ የሰጠሁትን ልንጠቀው?»

«ኦኬ። እንግዲያው ይክፈሉ።»

«ልክፈል። ከከፈልኩ ተሰርቋል የሚለው ዛሬ ይነሳል?»

ካሌብ አንገቱን አከከ። «እሱ ሌላ ዲፓርትመንት ነው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ስከፍል አንድ ዲፓርትመንት ነበር!»

ከኋላዋ ቻርጀር ሊገዛ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ካሌብ የደንበኞች አገልግሎት ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጣት። ካርዱን ይዛ ወደ ዙሌይካ ሱቅ ገባች።

ዙሌይካ ኮረሪማ እየመዘነች ጨርሳ ሰማቻት። ስታበቃ ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋችው።

«ሰርክዬ፣ እነዚህ ሰዎች ስልክ አልሸጡልሽም። አከራይተውሻል። ኪራይ ነው።»

«ኪራይ አላለኝም።»

«አይልማ። ሎያል ነው ያለሽ። አስቢው እስቲ። የመጀመሪያውን ግማሽ ከፈልሽ፤ ውሰጂ አዲስ አሉሽ። የሁለተኛውንም ግማሽ ትከፍያለሽ፤ ውሰጂ ሦስተኛ ይሉሻል። እንዲህ እንዲህ እያልሽ እስክትሞቺ ትከፍያለሽ፤ ስትሞቺ አብሮሽ የሚቀበር አንድ ስልክ የለሽም። የኔን እይው።» ከካሽ መሳቢያው ሥር ጥጉ የተሰበረ ስልክ አወጣች። «አራት ዓመቱ ነው። አስቀያሚ ነው። ግን የኔ ነው። ነገ ብፈልግ በሚዛን ድንጋይ ልፈጨው እችላለሁ።»

ፕላኑ ውሸት አይደለም። በየዓመቱ አዲስ ስልክ ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው፣ አሮጌውን በቀኑ ሳይጭር የሚመልስ፣ ወንድምም እህትም የሌለው ሰው ቢገባበት ላይጎዳ ይችላል። ለሰርክ ግን አይሆንም። ለሰርክ ዓይነት ሰው እንደማይሆን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው የሸጠላት ልጅ ነበር።

ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር አብረው ደወሉ። ረጅም ሙዚቃ ሰሙ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፤ ትሕትናዋ እንደ ማር የሚንጠባጠብ። ሰርክ እንግሊዝኛዋ ለሐኪምም ለጠበቃም በቂ ነው፤ አስተርጓሚ አልጠየቀችም። ሴትዮዋ ሰርክን ለሃያ ዓመት ታማኝነቷ አመሰገነቻት። ስለ ቀሪው ክፍያ አስረዳቻትና እንደገና አመሰገነቻት።

«ገንዘቡን ተይው» አለች ሰርክ። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ተሰርቋል ያለው ማነው? ማሽኑ ነው?»

ሴትዮዋ ኪቦርድ ስትነካካ ተሰማ። ማሽኑ አይደለም አለች። ማሽኑ የሚለው አልተመለሰም ብቻ ነው። ጠፋ ወይም ተሰረቀ የሚለውን ማክሰኞ የሞላው ሰው ነው። የፌርፋክስ ሱቅ ሠራተኛ። «ደንበኛዋ ራሷ መጥታ አመለከተች» ይላል።

ዙሌይካ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። «ድገሚልን በያት።»

ሴትዮዋ ደገመች። ስለ ታማኝነቷም ለሦስተኛ ጊዜ አመሰገነቻት።

ሰርክ አልጮኸችም። ቁልፎቿን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

«አሁን አትሂጂ!» አለች ዙሌይካ። «ትገድይዋለሽ።»

«አሁን አልሄድም። ቅዳሜ ነው የምሄደው።»

የመኩሪያ እድር ኮሚቴ ቅዳሜ ምሽት በሱ ቤት ይሰበሰባል። ደሴ ሲመሽ ሎስ አንጀለስ ይነጋል። ሰርክ ቀኑን ዝም ብላ አልመረጠችም።

ቅዳሜ ሱቁ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ከመስኮቱ ሥር የነበረውን ወንበር ስባ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ካሌብ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ሥራህን ሥራ።»

መጀመሪያ የገባው ሀይለገብርኤል ነው፤ የታክሲ ሹፌር፣ የሰርክ የድሮ የፓርኪንግ ባልደረባ።

«ሰርክ! ምነው በር ላይ? ዘበኛ ሆነሽ ተቀጠርሽ?»

«ሌባ ሆኜ ነው። አንተ ምን ልትገዛ መጣህ?»

«ያ በየዓመቱ የሚቀየረው ፕላን አለ አሉ። ለቆየ ደንበኛ።»

«ቁጭ በል ልንገርህ።»

ነገረችው። ሳጥኑን፣ ደሴን፣ ጥገና ቤቱን፣ ማክሰኞን። ሀይለገብርኤል እየሰማ ወደ ካሌብ ዞረ፣ ተመልሶ ወደ ሰርክ ዞረ።

«እኔ እኮ አሮጌውን ለአማቴ ቃል ገብቼ ነው የመጣሁት» አለ።

«እንግዲያው አማትህም ሌባ ሊሆኑ ነው።»

ሀይለገብርኤል አልገዛም። አልወጣምም። ከጎኗ ቆመ። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች ገቡ፤ ለነሱም ነገረቻቸው። ቀጥሎ አንድ ወጣት ገባ፤ እሱ ራሱ ከሀይለገብርኤል ሰማ፤ ሀይለገብርኤል ደግሞ ጨመር አድርጎበት ነበር። ዙሌይካ ሱቋን ለደንበኛ ትታ መጣችና በሩን ተደግፋ ቆመች።

ካሌብ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ጎንበስ አለባት። «እትዬ ሰርክ፣ ፕሊስ። ማናጀሬ በካሜራ ያያል።»

«ይይ። ሌባ እንዴት እንደምትቀመጥ ይማር።»

«ሲስተሙ እኮ ነው አልኩዎት...»

«ሲስተሙን አነጋገርኩት። አንተ ነህ አለኝ።»

ካሌብ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም።

«ደንበኛዋ መጥታ አመለከተች ብለሃል» አለች። «መቼ መጣሁ? ምን ለብሼ ነበር?»

«እትዬ፣ ላስረዳዎት። ስልኩ አልተመለሰም ከተባለ ኮሚሽኔን ይወስዱታል። የወሩ ቁጥሬ ይወርዳል፤ ባለፈው ወርም ወርዶ ነበር። ጠፋ ከተባለ ግን በኔ አይቆጠርም። ፎርሙ ላይ ሌላ ምርጫ የለም፤ ወይ አልተመለሰም፣ ወይ ጠፋ፣ ተሰረቀ። ማንም አይጎዳም ብዬ ነው። ስልኩ ኢትዮጵያ ነው፤ እዚያ ማን ያየዋል ብዬ...»

«ደሴ ሰው የለም?»

«እንደሱ ማለቴ...»

«ሳጥኑን ለተክለብርሃን ስሰጠው አጠገቤ ቆመህ ነበር። ወንድሞት ደስ ይለዋል ብለኸኛል። እትዬ፣ ይሄ መመለስ አለበት ብትለኝ ምን ትሆን ነበር?»

«ያኔ... ቸርች ነበርን። ሥራ ማውራት ነውር መሰለኝ።»

ዙሌይካ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ማክሰኞ ቀን ነውር የት ሄዶ ነው?»

ሰርክ ተነሳች። ከካሌብ በቁመት በጣም ታንሳለች።

«ስልክህን አውጣ። ይህን ቁጥር ምታ። ድምፁን ክፈተው።»

«ለማን ነው?»

«ለወንድሜ። ዛሬ የእድሩ ሰዎች ቤቱ ናቸው። ሌባ ሲባል የሰሙት እነሱ ናቸው፤ አይደለችም ሲባልም የሚሰሙት እነሱ ናቸው።»

ካሌብ ወደ ካሜራው አየ፣ ከዚያ ወደ በሩ። በሩ ላይ ዙሌይካ አለች። ደወለ።

መኩሪያ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ካሌብ እባላለሁ፤ ከሎስ አንጀለስ፣ ከስልክ ሱቁ። ስለ ስልኩ ትንሽ ሚስአንደርስታንዲንግ ስለነበር...»

«በአማርኛ፣ ልጄ። እዚህ ያለነው ሽማግሌዎች ነን።»

«አለመግባባት ነበረ ለማለት ነው።»

«ከማን ጋር ሳትግባባ ቀረህ?»

ካሌብ ስልኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለ መኩሪያ።

«የ... የወይዘሮ ፋና።»

«እናትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«እንግዲያው እሳቸው እንደሚሰሙህ አድርገህ ተናገር።»

ካሌብ ዓይኑን ባንኮኒው ላይ ተከለ። «ስልኩ አልተሰረቀም። እትዬ ሰርክ ተሰረቀብኝ ብለው አላመለከቱም። መመለስ እንዳለበትም አልነገርኳቸውም። ተሰረቀ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ።»

 መኩሪያ እንደ አስተማሪ ጥርት አድርጎ ተናገረ።

«ድገመው። አቶ ሱፍያን ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል።»

ካሌብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።  ከወዲያ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ «እኔ ድሮም አላመንኩም ነበር» አለ።

«አምነው ነበር!» አለ ሌላ ድምፅ።

ሰርክ ግን አልጨረሰችም። ሌላ ዲፓርትመንት ነው ያለውን፣ ራሱ የሞላውን፣ አሁኑኑ እንዲያነሳ አደረገችው፤ ስክሪኑን ወደሷ አዙሮ፣ በጣቷ እየተከታተለች። ከዚያ ፕላኑን አስቋረጠች። የመኩሪያን ስልክ ቀሪ ከፈለች፤ የያዘችውንም አዲሱን ጨርሳ ከፈለች። ለጥርሷ ያስቀመጠችው ገንዘብ ነበር። የሚቀጥለውንም ዓመት በግራ በኩል ታኝካለች። ካሌብ ደረሰኙን ሲሰጣት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ሎያል እንዳትለኝ» አለች።

እንደወጣች ቁጥሯን ወደ ሌላ ድርጅት አዛወረች። እዚያ ያለው ልጅ እንኳን ደህና መጡ ብሎ ስለ አንድ ፕላን ማውራት ጀመረ። ሲሙን ብቻ ስጠኝ አለችው።

ምሽት ላይ ዙሌይካ ሱቋን ስትዘጋ አብራት ነበረች። ስልኳ ጮኸ። ከድሮው ድርጅት የመጣ መልእክት ነው፤ ናፍቀውናል፤ ቢመለሱ እንደ አዲስ ደንበኛ ስልክ በነጻ እንሰጥዎታለን። ሰርክ ጮክ ብላ አነበበችው። ዙሌይካ መዝጊያውን ለቀቀችው።

«ሃያ ዓመት ስትቆዪ አከራዩሽ፤ ግማሽ ቀን ስትጠፊ በነጻ ሰጡሽ?»

ሰርክ ደመሰሰችው። ከአፍታ በኋላ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን መኩሪያ ነው። አገር ቤት ሊነጋ ነበር፤ ለጸሎት ተነስቷል።

«ሰርኬ፣ የጥገና ቤቱ ልጅ ማታውኑ አይቶት ሎኩ ተከፈተ አለኝ፤ ሲነጋ ሲሙን አስገባለሁ። ስምሽም ጸድቷል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አሁን ይህን ስልክ ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር ሰው ያ የተሰረቀው ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። በየሄድኩበት ታሪኩን ስናገር ልኖር ነው?»

«ተናገር» አለች ሰርክ። «በየሄድክበት ተናገር። የድርጅቱንም ስም ጨምረህ።»